ከኤሜት የሚፈጥነው ኤሜት

ኤሜት ጊድሪ በቤል ፕሬሪ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ማሊያ ለብሶ ሲቀመጥ፣ ሜዳ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራው መለጋት ነበር። ሽመላዎቹ፣ ቡድኑ የሚጠራው እንዲያ ነው፣ ኳሷን ታቅፈው የሰው ግድግዳ እየጣሱ ወደፊት መግፋት ሲያቅታቸውና ሌላ መላ ሲጠፋ ለጊ ይጠራል። ለጊው ይገባና ኳሷን እግሩ የቻለውን ያህል አርቆ ለባላጋራ ይልካታል፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ባጭሩ ተስፋ ሲቆረጥ የሚጠራ ሰው ነው። ሕዝቡም ለጊ ሲገባ ሲያይ ቢራ ሊገዛ ይነሣል። ኤሜት ደግሞ ዋናው ለጊ እንኳ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነው። ዋናው ለጊ እንደ በሬ ጤነኛ የሆነ፣ ጉንፋን የማይደፍረው ልጅ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ኦይስተር የሚሉት የባሕር ዛጎል ተበላሽቶ ሳለ በልቶ ሆዱን ሲቆርጠው ኤሜት ገባ፤ የለጋት ኳስም ፊት ለፊቱ የቆመውን የገዛ ጓደኛውን መቀመጫ መትታ ወደ ኋላ ነጠረች። ከዚያ ወዲህ ማንም "ግባ" ያለው የለም።

አባቱ አልሲድ ጊድሪ ከከተማው በስተደቡብ፣ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ውኃ በሚለቀቅበት ማሳ ውስጥ ክሮፊሽ የሚባለውን መቆንጠጫ ያለው የውኃ ፍጥረት ለምግብ የሚያረባ ሰው ነው። በወጣትነቱ በአካባቢው ስሙ የተጠራ ሯጭ ነበረ፤ ኳሷን አቅፎ ሲፈተለክ እግሩ መሬት አይነካም ይባልለት ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጉልበቱ ተሰበረና ያ ሁሉ ነገር እዚያው ቀረ። ስለዚህ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ገና ዳዴ ሳይል ኳስ አስታቀፈው። ልጁ አድጎ፣ "አባዬ፣ እኔ እንኳ ለጊ ብሆን ነው የሚሻለኝ" ሲለው አልሲድ "እሱም ያው ጨዋታ ነው" አለና ወጥመዶቹን ሊያነሣ ወጣ። ከዚያ በኋላ በእነጊድሪ ቤት፣ በሽተኛ ፊት ስለ በሽታው እንደማይወራ ሁሉ፣ ስለ መለጋት አይወራም።

ሐምሌ ላይ የአንድ ቪዲዮ ጌም ኩባንያ ሰዎች መጡ። ድሮ፣ እነኤሜት ሕፃናት ሳሉ፣ የኮሌጅ ፉትቦል ጌም ነበረ። የተጫዋቾቹን ቁመና፣ የማሊያ ቁጥራቸውን፣ የጸጉር አቆራረጣቸውን ሳይቀር ወስዶ ስማቸውን ብቻ እየዘለለ ይሸጣቸው ነበር። ልጆቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፣ ጌሙም ቀረ። አሁን ግን መልኩን የፈቀደ ሁሉ ስድስት መቶ ዶላርና አንድ የጌሙ ቅጂ ያገኛል ተባለ።

"ለሁላችንም እኩል?" አለ ታይረል ባቲስት። ታይረል የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ማለትም የቡድኑ ንጉሥ ነው። "ለእኔም ስድስት መቶ፣ ለኤሜትም ስድስት መቶ? ኮች፣ በናትዎ! እኔ ኳስ ነው የምወረውረው፤ እሱ አግዳሚ ነው የሚያሞቀው።"

"አንተ ደክሞህ ስትመጣ የምትቀመጥበትን ማን አሙቆ የሚጠብቅህ መሰለህ?" አለው ኤሜት።

ልብስ መቀየሪያው በሳቅ ፈረሰ። የቡድኑ አሰልጣኝ ኮች ዳርቢ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ቡድኑ በተከታታይ መሸነፍ ከጀመረ ወዲህ ስቀው አያውቁም።

ፎቶ የሚያነሡት ሰዎች እያንዳንዱን ልጅ በካሜራ ከበው ፊቱን ከየአቅጣጫው ወሰዱ። "አሁን ተቆጣ" አሉት ኤሜትን፤ "ጠላትህን ልትበላው ነው።" ኤሜት ጠላት ስላልነበረው ቸገረው። ቅንድቡን ሰበሰበ፣ አፍንጫውን ነፋ፣ አፉን ከፈት አደረገ፤ በዚህ መሃል ማስነጠስ መጣበትና ካሜራው ብልጭ አለ። "በቃ፣ አግኝተነዋል" አሉና ቀጣዩን ጠሩ።

ጌሙ መስከረም ሳይጠባ ወጣ። በዚያ ጌም እያንዳንዱ ተጫዋች ለፍጥነቱ፣ ለጉልበቱ፣ ለዘለላውና ለሌላው ችሎታው ሁሉ ነጥብ አለው፤ የመጨረሻው ጣሪያ ዘጠና ዘጠኝ ነው። እዚያ የሚደርስ በአገር ደረጃ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ እሱም በአንድ ነገር ብቻ። የኤሜት የማሊያ ቁጥር ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ፣ ምናልባት ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ሊሄድ ሲቸኩል፣ የማሊያ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች በየቦታው ሞላው። ኤሜት ጊድሪ በፍጥነት ዘጠና ዘጠኝ፣ በጉልበት ዘጠና ዘጠኝ፣ በመወርወር፣ በመቅለብ፣ ሰው ጥሎ በማለፍ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። በመለጋት ብቻ አርባ አንድ።

ኤሜት ይህን የሰማው ከታይረል ነው። ታይረል በሩን ሳያንኳኳ ገባና አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?"

"እነማንን?"

"ሌሊቱን ሙሉ በራሴ ስጫወት አደርኩ። በራሴ! ከዚያ ታናሽ ወንድሜ አንተን ይዞ መጣና በአንድ እጅህ አንሥተህ ከሜዳ ውጭ ወረወርከኝ። ወርውረኸኝ ስታበቃ ደግሞ ልታስነጥስ ትላለህ።"

"ይቅርታ" አለ ኤሜት።

ሳምንት ሳይሞላ ኤሜትን የማያውቅ ጠፋ። ከካሊፎርኒያ እስከ ሜይን ያሉ ጎረምሶች ቤል ፕሬሪ የት እንዳለች ሳያውቁ በቤል ፕሬሪ ይጫወቱ ጀመር። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ቋሊማ የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ ሩዝና ሥጋ የተሞላውን ቋሊማ በወረቀት ጠቅልላ እየሰጠችው፣ "ላንተ አላስከፍልም፤ ልጄን ከመጠጥ ቤት ያስቀረህልኝ አንተ ነህ" አለችው። በየመኪና ማቆሚያው የማያውቃቸው ሰዎች ጫማቸውን አጥብቀው እያሰሩ "እንሩጥ" ይሉታል። ኤሜት እምቢ ማለት ስለማይሆንለት ይሮጣል፤ ይሸነፋልም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ አሸነፈው። አንዲት ነርስ፣ የሥራ ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች፣ አሸነፈችው። ማንም ግን ሽንፈቱን አላመነም። "አያችሁት? ለጨዋታ ቀን ጉልበቱን እየቆጠበ ነው" ተባባሉ። በተሸነፈ ቁጥር አስፈሪነቱ ጨመረ።

እሑድ ወላጆቹ ቤት ሄደ። አባቱ ሶፋው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክሮፊሽ የጠባሳ ምልክት ያተመባቸው ትላልቅ ጣቶቹ የጌሙን መጫወቻ ጨምድደው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

"ዝም በል። እየሮጥክ ነው።"

ኤሜት ቆሞ አየ። ስክሪኑ ላይ እሱን የመሰለ ሰው ኳሷን አቅፎ፣ ባላጋራዎቹን እንደ ገለባ ግራና ቀኝ እየበተነ፣ መጨረሻው መስመር ደረሰ። አልሲድ ተነሥቶ በጤነኛው እግሩ ዘለለ፤ ከዚያ ቁጭ አለና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

እናቱ ቬርና ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው" አለች። "ወጥመዶቹን የማነሣው እኔ ነኝ። ትናንት ራት ብላ ብለው፣ 'ኤሜት ደክሞታል፣ ይረፍና' አለኝ።"

"ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር?" አለው አባቱ፤ ድምፁ ውስጥ ኤሜት ሰምቶት የማያውቅ ልስላሴ ነበረ። "ይኸ የወገብ አጣጠፍ እኮ የእኔ ነው። ቬርና፣ የእኔ አይደለም?"

"አባዬ፣ ስህተት ነው። እሱ እኔ አይደለሁም።"

"ስሙ ያንተ ነው። ፊቱ ያንተ ነው። ልታስነጥስ ስትል የምታሳየው ፊት እንኳ ያንተ ነው። ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

ኤሜት በሕይወቱ በማንም ቀንቶ አያውቅም ነበር። በታይረል እንኳ አልቀናም። ያን ቀን ግን ከወላጆቹ ቤት የወጣው በራሱ ቀንቶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያጣውን የአባቱን ዓይን ያ የስክሪኑ ሰውዬ በአንድ ሳምንት ወሰደበት፤ ያውም በእሱ ፊት።

ጥቅምት ላይ ኮች ዳርቢ ወደ ቢሮ አስጠሩት። ከኩባንያው የመጣች ወይዘሪት ሆልኮም የምትባል ሴት እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ጥሩ ሽቶ ተቀብታለች፤ ፊቷ ግን የታመመ ሰው ልትጠይቅ የመጣች ያስመስላታል።

"አቶ ጊድሪ፣ ቅሬታ ደርሶናል" አለች።

"በጣም ጥሩ!" አለ ኤሜት፤ ደስ አለው። "እኔም እኮ ልነግራችሁ ነበር። ስህተት ነው።"

"አዎ፣ ስህተት እንዳለ አረጋግጠናል። ስህተቱ እርስዎ ላይ ነው።"

ኤሜት ኮቹን አየ። ኮቹ ጣሪያ አዩ።

"ጌሙን የሸጥነው እውነተኛ ነው ብለን ነው" አለች ወይዘሪቷ። "ሰዎች ከሩቅ ከተማ ነድተው መጥተው እርስዎን አግዳሚ ላይ ሲያዩ ተታለልን ይላሉ። መልክዎን በውል ሰጥተውናል። መልኩ አሁን የእኛ ነው። እርስዎ ደግሞ መልኩን እየመሰሉ አይደለም።"

"መልኩ አይደለም እንዴ እኔን መምሰል ያለበት?"

"እሱ አንዱ አስተያየት ነው" አለች በትሕትና። "እኛ ከሁለት አንዱን ማረም አለብን፤ ወይ ጌሙን፣ ወይ እርስዎን። ጌሙን ደግሞ ሰው ወዶታል።"

እሱን ለማረም የሩጫ አሰልጣኝ ላኩለት። አሰልጣኙ ፊሽካ ከአፉ የማይለይ ቀጭን ሰው ነበር። በየጠዋቱ ኤሜትን ከመኪና ጎማ ጋር አስሮ ያስሮጠዋል፤ በየጠዋቱም ሰዓቱን አይቶ ይተክዛል። በመጨረሻ የኤሜት ባት ተሸመቀቀና ከቀድሞው የባሰ ቀርፋፋ ሆነ። አሰልጣኙ ለኩባንያው፣ "ልጁ ጥሩ ጠባይ አለው" ብሎ ሪፖርት አድርጎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ኮች ዳርቢ ባይጨንቃቸው ኖሮ። ከፓይን ሪጅ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ከተሸነፉ እንደሚባረሩ ሹክ ተብለዋል። ተመልካቹ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው "ኤሜትን አስገባ! ኤሜትን አስገባ!" እያለ አግዳሚውን ያንቀጠቅጣል። ከዕረፍት በኋላ ኮቹ ኤሜትን ማሊያው ላይ ጨምድደው ያዙት።

"ግባ።"

"ልለጋ?"

"አትለጋም! ዳር ሂድና ቁም። ምንም አታድርግ። ምንም! ይገባሃል?"

"ምንም አለማድረግ ይገባኛል፣ ኮች።"

ገባ። ስታዲየሙ ተነቃነቀ። የፓይን ሪጅ ልጆችም ሌሊት ሌሊት ጌም የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ኤሜት ዳር ላይ ሲቆም እርስ በርሳቸው ተጠራሩ፤ ሦስቱ ግዙፎች ሥራቸውን ትተው ከበቡት።

"ስንት ጊዜ እንዳሠቃየኸኝ ብታውቅ" አለው አንዱ፤ ጺሙ ላይ ላብ ይንቆረቆራል። "ትናንት ራሱ በላዬ ዘለህ ነው ያለፍከው። ዛሬ ግን አታልፋትም፣ ወንድሜ።"

"አላልፍም" አለ ኤሜት ከልቡ።

"ሰማችሁት? ሊያዘናጋን ነው!"

ኤሜት የጫማው ማሰሪያ ተፈቶ ነበርና ጎንበስ አለ። "ተጠንቀቁ! ጎንበስ አለ!" ብሎ አንዱ ጮኸ፤ አራተኛውም ሮጦ መጣ። በዚያ በኩል ታይረል ባዶ ሜዳ አገኘና ኳሷን እንደፈለገ ወረወራት። ሽመላዎቹ አሸነፉ። ኤሜት ዳር ቆሞ ከጠላቶቹ ጋር ስለ አየሩ ሁኔታ ሲያወራ ጨዋታው አለቀ።

የሚቀጥለውም ጨዋታ እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም የቀጠለው። ጋዜጦቹ "ሳይሮጥ የሚያሸንፍ" አሉት። ታይረል እንኳ በመጨረሻ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው። "እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ስወረውር ነው የኖርኩት" አለ። "አንተ ቆመህ ከእኔ በላይ ጠቀምክ። ምን ዓይነት ዓለም ነው ግን?"

"እኔም አልገባኝም።"

"ቁም ብቻ። አትንቀሳቀስብኝ።"

ኤሜት መቆሙን ተካነበት። ግን ደስ አላለውም። ሰዎቹ የሚፈሩት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ የዚያ ሰው ማስፈራሪያ፣ ማሳ ውስጥ ኮት ለብሶ የቆመ እንጨት ሆነ። ወፎቹም ይፈራሉ፤ እንጨቱ ግን ምን ያገኛል? ከልምምድ በኋላ ሁሉ ሰው ሲሄድ ብቻውን ሜዳው ላይ ቀርቶ ይለጋል። ያኔ ሰላም ያገኛል። ኳሷን ከእጁ ይለቃታል፣ እግሩ ከታች ያገኛታል፣ እሷም ሰማዩን ትወጋለች።

የመጨረሻው ጨዋታ ከሎንግ ሌክ ጋር ነበር፤ ያሸነፈ ዋንጫ ይበላል። ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ኩባንያው ድንገት ጌሙን አረመ። የተሸነፉት ኮሌጆች ተሰብስበው "አጭበረበራችሁን" ብለው ጮኸውበት ነው። የኤሜት ፍጥነት ከዘጠና ዘጠኝ ወደ ሠላሳ ስምንት፣ ጉልበቱ ወደ ሃያ ምናምን ወረደ።

እናቱ ደወለች። "አባትህ አብዷል" አለች። "ማረሚያው በኢንተርኔት ነው የሚመጣው ብለው ሲነግሩት ጉጠት ይዞ ወጥቶ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀለው። 'ልጄን እዚህ ቤት ማንም አይነካብኝም' አለ። ጎረቤት ቤት ሄጄ ነው የምደውልልህ።"

"ጥሪልኝ እስኪ።"

"አይመጣም። እየሮጥክ ነው መሰለኝ።"

ኤሜት ወደ ኮች ዳርቢ ሄደ። "ኮች፣ አበቃ" አላቸው። "የሎንግ ሌክ ልጆች ማረሚያውን አይተውታል። ከእንግዲህ ማንም አይከበኝም።"

ኮች ዳርቢ ብዙ ካሸነፉ ወዲህ ያልተለመደ ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ ገብቷል። "ማንም አይከብህም?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ነጻ ሰው አለን ማለት ነዋ!"

የጨዋታው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ የኅዳር አይመስልም ነበር። አልሲድ ጊድሪ መጥቷል። ሚስቱ ልጁ ዋንጫ ሊጫወት ነው ብላ ስትለምነው መጀመሪያ "እቤት አየዋለሁ" ብሎ ነበር፤ እሷ የመጫወቻውን ባትሪ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ነው የመኪናውን ቁልፍ ያነሣው።

ኤሜት እንደፈራው ሆነ። ዳር ላይ ቆመ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ የሎንግ ሌክ ልጅ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ "ሠላሳ ስምንት!" ብሎ ሳቀበት። ሌላው ደግሞ "አያቴ አርባ ሁለት ናት!" አለ። ታይረል በተጨናነቀው መሃል ሲታገል ዋለ፤ ሽመላዎቹ በጥቂት ነጥብ እንደተመሩ ሰዓቱ ወደ ማለቂያው ደረሰ።

በመጨረሻዋ ሙከራ ታይረል ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሚሰጠው ሰው አጣ። ግራ አየ፤ ቀኝ አየ። ከዚያ በሰፊው ሜዳ ላይ፣ ዙሪያውን ሰው የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ኤሜት ጊድሪን አየ።

"ኤሜት!" ብሎ ጮኸና ወረወራት።

ኤሜት ኳሷ ስትመጣ አያት። ለመሸሽ አሰበ፤ ግን ቀድማ ደረሰችና ደረቱ ላይ አረፈች። እጆቹ ታቀፏት። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ባዶ ሜዳ ተዘርግቷል፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሳሩ ብቻ ነው። ስታዲየሙ በአንድ ጉሮሮ "ሩጥ!" አለ። ኮች ዳርቢ "ሩጥ!" አሉ። የገዛ አእምሮውም "ሩጥ" አለው። አንድ እርምጃ ሮጠ፤ ሁለተኛውንም ጨመረ።

ሦስተኛውን እግሩ ለራሱ ወሰነ። እጆቹ ኳሷን ለቀቋት፤ ቀኝ እግሩ ተነሣ፤ ኤሜትም ለጋት።

እንዴት ያለ ልግ ነበር! ኳሷ እየተሽከረከረች ወጣች፣ ወጣች፣ የመብራት ምሰሶዎቹን አለፈች፤ የነጥብ ሰሌዳውን በላዩ ተሻግራ ከስታዲየሙ ወጥታ ሄደች። ሰማንያ ሺህ ዓይን አብሯት ሄደ። ዳኞቹ ተሰብስበው ተንሾካሾኩ፤ አንዱ እጁን አነሣ፤ ምን ሊያሳይ እንዳነሣው ስለጠፋው መልሶ አወረደው። በመጨረሻ የመነሻውን መስመር ወደፊት ያለፈ ሰው መለጋት አይችልም ብለው ወሰኑ፤ ሰዓቱም አለቀ። ሎንግ ሌክ ዋንጫውን ወሰደ።

ታይረል እየተንገዳገደ መጣ። "ምን ነካህ አንተ ሰው? ባዶ ሜዳ እኮ ነው! ብትድህም ትደርሳለህ!"

"እኔ አይደለሁም። እግሬ ነው።"

ታይረል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። ሳሩ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ኮች ዳርቢ ባርኔጣቸውን መሬት ጥለው ረገጡት፤ ቆይተው ደግሞ አንሥተው አራገፉትና፣ "እንዴት ያለ እግር ነው ግን በፈጣሪ!" አሉ ለማንም ሳይሆን።

ኤሜት ልብሱን ለውጦ በጓሮ በር ሲወጣ ሰው እንዳያየው ፈልጎ ነበር። አባቱ ግን በሩ ላይ ቆሟል። ክንዱን ይዞ፣ እያነከሰ፣ በመኪና ማቆሚያው መሃል ወሰደው። ደጋፊዎች በየመኪናው ኋላ ድስት ጥደው ከጠዋት ጀምረው የሚበሉበት ቦታ ነው። ከአጥሩ ራቅ ብሎ ሰዎች ተሰብስበዋል። መሃል ላይ ጋምቦ የሚባለው ወጥ የተሠራበት ትልቅ ድስት አለ፤ ኳሷ ከባምያውና ከቋሊማው መሃል ግማሽ አካሏን አውጥታ ትንሳፈፋለች። ድስቱ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ወጥ በወጥ ሆኗል።

"የማን ልግ ናት?" አለ ባለድስቱ፣ ከመነጽሩ ላይ ሩዝ እየጠረገ።

"የልጄ" አለ አልሲድ።

"ከየት ነው የለጋት?"

"ከውስጥ። ከወዲያኛው ጫፍ።"

"ከውስጥ?" ሰውዬው ወደ ስታዲየሙ አየ፤ ተመልሶ ድስቱን አየ። ከዚያ ሳህን አነሣና ለኤሜት ጋምቦ ጨለፈለት።

አልሲድ ልጁ ሲበላ ቆሞ አየው። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለጋው?" አለ።

"ሰው ከፊቴ ካልቆመብኝ፣ አዎ።"

"እግርህን ምን ታደርገዋለህ? ማለቴ፣ ስትመታት።"

ኤሜት ማንኪያውን አቆመ። ይህን ጥያቄ አባቱ ጠይቆት አያውቅም። "ጣትህን ትዘረጋለህ" አለ ቀስ ብሎ፤ "እንዲህ፣ ወደ ፊት። ከሁሉም በላይ ግን አለቃቀቋ ነው። አትወረውራትም፤ መሬት ላይ ልታስቀምጣት እንዳሰብክ ነው የምትለቃት።"

"ልታስቀምጣት እንዳሰብክ" አለ አልሲድ፤ ባዶ እጁን ዘርግቶ ለቀቅ አደረገ። "እንዲህ?"

"ትንሽ ዝቅ።"

ሰኞ ወይዘሪት ሆልኮም ደወለች። ልጉን የአገሩ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጌም መጫወቻው ላይ አንድ ቁልፍ ሊያዘጋጁለት ነው፤ ሲጫኑት ሰውዬው በሩጫ መሃል የሚለጋበት። "ፊትዎን አንፈልገውም፤ ፊትዎ አለን" አለች። "አሁን የምንፈልገው እግርዎን ነው። ቀኙን ብቻ። ለብቻው ውል እናዘጋጅለት?"

"ነጥቡን ስንት ልትሰጡት ነው?"

"ዘጠና ዘጠኝ ነዋ!"

"ትንሽ ቀንሱለት" አለ ኤሜት። "ነፋስ ሲኖር ይበላሻል። ደግሞ አስቤበት ነው የምደውልልሽ፤ አሁን ሥራ ይዣለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አባቱ ውኃ ገና ያልተለቀቀበት ደረቅ ማሳ ዳር ላይ፣ ቦት ጫማውን እንዳደረገ፣ የሚያነክሰውን እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ኳሷን በሁለት እጁ ይዟል። ለቀቃት፤ ለጋ፤ ሳታት፤ ሚዛኑ ተናግቶ ቁጭ አለ። ቬርና ከቤቱ በር ላይ ሆና ያን ሽቦ መቼ እንደሚጠግን ትጮህበታለች።

"ጉልበትህን አመመህ?" አለው ኤሜት።

"ተወው ጉልበቱን። ና አንሣኝና ያችን ኳስ አቀብለኝ።"